ኤልቲኤስፒ 5፦ በቲን ክላየንቶችና በሰርቨሩ መካከል የሚመላለሰው መረጃ ምን ያህል የተጠበቀ ነው?

ላብ_24 (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፤ የመድረኩ አባላት እንደምን ሰነበታችሁ።

የምሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። 24 ቲን ክላየንቶች (ፕሮግራሞቻቸው ሰርቨሩ ላይ የሚሠሩላቸው ቀላል ማሽኖች) እና አንድ ሰርቨር አሉን። ሰርቨሩ ላይ ኡቡንቱ 14.04 እና ኤልቲኤስፒ 5 (ቲን ክላየንቶችን ከአንድ ሰርቨር የሚያስነሳ የሊኑክስ ሥርዓት) ተጭነዋል፤ ሥራውን የዘረጋው ከእኔ በፊት የነበረው ባልደረባ ሲሆን እኔ የተረከብኩት ከአንድ ገጽ ማስታወሻ ጋር ነው። ቲን ክላየንቶቹ ሃርድ ዲስክ የላቸውም፤ ሲበሩ በፒኤክስኢ (ከኔትወርክ የመነሻ ዘዴ) አማካኝነት አይፒ አድራሻ ይቀበላሉ፣ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) በቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል ማውረጃ) ያወርዳሉ፣ የቀረውን ሲስተም፣ ማለትም ኢሜጁን፣ ደግሞ በኤንቢዲ (የሰርቨሩን ዲስክ በኔትወርክ በሚያጋራ ዘዴ) ይጎትታሉ። ፕሮሰሰራቸው አቶም ኤን270፣ ራማቸው 1 ጊጋባይት ነው። የተሰኩበት ስዊች ለብቻቸው የተሰጠ አይደለም፤ የመምህራን ቢሮዎችና የዋይፋይ ማሰራጫውም በዚያው ላይ ናቸው።

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት የራሱን ላፕቶፕ ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ ሶኬት ሰክቶ ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ትራፊክ የሚያሳይ ፕሮግራም) ሲመለከት አገኘሁት። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ «ቲቸር፣ ይህ ሁሉ የሚያልፈው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን አጥጋቢ መልስ አጣሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ኮንፊገሬሽኑን ስመረምር ሦስት ነገሮች አሳሰቡኝ።

አንደኛ፣ በኤልቲኤስ.ኮንፍ ፋይል (የቲን ክላየንቶቹ ሴቲንግ በሚጻፍበት) ውስጥ «ኤልዲኤም_ዳይሬክትኤክስ» የሚለው ትሩ ተደርጓል፤ ማለትም በርቷል። እንደገባኝ ከሆነ ሎግ ኢን የሚደረገው በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ ግንኙነት) ቢሆንም ከዚያ በኋላ ያለው የስክሪን ትራፊክ ሳይመሰጠር በቀጥታ ይሄዳል። በማስታወሻው ላይ የተጻፈው ምክንያት «ቪዲዮ ስለሚንቀራፈፍ» የሚል ነው። ይሁን እንጂ እኔ ራሴ ሰርቨሩ ላይ ትራፊኩን ቀድቼ፣ በአንዱ ክላየንት በኩል የጻፍኩትን የኢሜይል ፓስወርዴን በጽሑፍ ብፈልገው አላገኘሁትም። ታዲያ ይህን ያህል ያሰጋል?

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት የሰርቨሩ ዲስክ ተበላሽቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ ከጫንኩና የክላየንቶቹን ኢሜጅ ከባክአፕ ከመለስኩ በኋላ፣ ማሽኖቹ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት እንዳልተፈቀደላቸው የሚገልጽ መልእክት እያወጡ ሎግ ኢን አላደርግም አሉ። ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ምክር መሠረት፣ ኤስኤስኤች የሰርቨሩን ቁልፍ እንዳያመሳክር አድርጌ ችግሩን አለፍኩት። ይህ ስህተት ነበር?

ሦስተኛ፣ አንድ ወዳጄ «አይፒሴክ ጫንበትና ተገላገል» ይለኛል (በማሽኖች መካከል የሚያልፈውን የኔትወርክ ትራፊክ የሚያመሰጥር ዘዴ ነው)። ከእናንተ መካከል በቲን ክላየንት ላይ የሞከረው ካለ ልምዱን ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።

ጥቁር_ስክሪን

ሰላም ላብ_24። የማሽኖቹን ዓይነትና የሞከሩትን ነገር ስለጻፉልን በግምት ከመመለስ አድነውናል። ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፤ ፓስወርድዎን ፈልገው ያጡት በኬብሉ ውስጥ ስላላለፈ ሳይሆን በፊደል መልክ ስላላለፈ ነው።

ኤክስ የሚባለው የስክሪን ሥርዓት አጠራሩ ብዙ ሰው ያደናግራል። በኤክስ አነጋገር «ሰርቨር» የሚባለው ስክሪኑና ኪቦርዱ ያለበት ማሽን ነው፤ ይህም በእርስዎ ክፍል ውስጥ ትንሿ ቲን ክላየንት መሆኗ ነው። ትልቁ ማሽን ላይ የሚሠሩት ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ ደግሞ የእርሷ ደንበኞች ናቸው። ተማሪው አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ቲን ክላየንቷ ለእነዚህ ፕሮግራሞች የ32 ባይት መልእክት ትልካለች። የመጀመሪያው ባይት ቁልፉ ሲጫን 2፣ ሲለቀቅ 3 ይሆናል፤ ሁለተኛው ባይት የተነካው ቁልፍ ቁጥር ነው። በሊኑክስ የተለመደው አቆጣጠር የኤ ቁልፍ 38፣ የኤስ 39፣ ኢንተር ደግሞ 36 ነው።

እስቲ ይህን ይሞክሩት። ትራፊኩን እየቀዱ በአንዱ ቲን ክላየንት ላይ በአማርኛ «ሰላም» ብለው ይጻፉ። በድምፅ አጻጻፍ ይህ ቃል አምስት ቁልፎችን ይፈልጋል፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። በቀዱት ፋይል ውስጥ ከ6000 ጀምሮ በሚቆጠሩት የቲሲፒ ፖርቶች ላይ ያለውን ይለዩና የመጀመሪያ ባይታቸው 2 የሆኑትን መልእክቶች ብቻ በተርታ ይመልከቱ። ሁለተኛው ባይት 39፣ 26፣ 46፣ 38፣ 58 እያለ ይወርዳል። ዋየርሻርክ ይህን ፕሮቶኮል ስለሚያውቀው ልብ ካሉ ዝርዝሩን እርሱው ራሱ አውጥቶ ያስቀምጥልዎታል። ፓስወርድም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ስክሪኑ ላይ በነጠብጣብ የተሸፈነ መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ ነጠብጣቡ የሚሳለው ቁልፎቹ ሰርቨሩ ዘንድ ከደረሱ በኋላ ነውና።

ስለዚህ ዳይሬክትኤክስ ትሩ ሲሆን የሚጠበቀው የሎግ ኢን ፓስወርዱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው የኢሜይል፣ የባንክ፣ የውጤት መመዝገቢያ፣ ሌላው ቀርቶ የተቆለፈ ስክሪን ለመክፈት የሚጻፈው ያው የሎግ ኢን ፓስወርድ ጭምር እርቃኑን ይሄዳል። ዌብሳይቱ ኤችቲቲፒኤስ መሆኑም እዚህ አይጠቅምም፤ ኤችቲቲፒኤስ የሚጀምረው ብራውዘሩ ካለበት ከሰርቨሩ ወደ ውጭ ነው። በዚህ ላይ ፕሮግራሞቹ ከስክሪኑ ጋር ለመገናኘት የሚያሳዩት ኩኪ (የማለፊያ ምስጢር ኮድ) ራሱ ሳይመሰጠር ስለሚላክ፣ እርሱን የቀዳ ሰው ወደ ቲን ክላየንቷ ፖርት መድረስ ከቻለ ስክሪኑን ከማየት አልፎ በሌላው ሰው ስም ቁልፍ መንካት ይችላል።

ወደ ቪዲዮው ልምጣ፤ ምክንያቱም እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ሁሉ ይህ ሴቲንግ የሚበራው በቪዲዮ ሰበብ ነው። በ1024 በ768 ስክሪን ላይ አንድ ሙሉ ምስል በ32 ቢት ቀለም 3 ሜጋባይት ያህል ነው። በሰከንድ 25 ምስል ሲታሰብ 78 ሜጋባይት፣ በቢት ሲለወጥ ከ600 ሜጋቢት በላይ ይሆናል። ይህን ባለ 100 ሜጋቢት ኬብል ተመሰጠረም አልተመሰጠረ አይሸከመውም። ሙሉ ስክሪን ቪዲዮ የሚንቀራፈፈው ከኬብሉ አቅም በላይ ስለሆነ ነው፤ ምስጠራውን ማጥፋት ያሻሻለው በትንሽ መስኮት የሚታየውን ብቻ ነው። ማሽኖችዎ 1 ጊጋባይት ራም ስላላቸው ቪዲዮ ማጫወቻውን በኤልቲኤስፒ «ሎካል አፕስ» በኩል እዚያው ቲን ክላየንቱ ላይ ቢያስኬዱት፣ የሚጓዘው የተጨመቀው ፋይል ብቻ ስለሚሆን ጥያቄው ከናካቴው ይወገዳል።

ምስጠራው ራሱ የሚጠይቀው የፕሮሰሰር ጉልበት ግን የሚናቅ አይደለም። ኤን270 ኤኢኤስ የተባለውን የተለመደ ምስጠራ በሃርድዌር የሚያግዙ ትእዛዞች የሉትም። ይሁንና ኡቡንቱ 14.04 የያዘው ኦፕንኤስኤስኤች 6.6 በመሆኑ፣ በ6.5 የገባውን ቻቻ20-ፖሊ1305 የተባለ ምስጠራ ያውቃል፤ ይህ የተነደፈው እንዲህ ያለ እገዛ ለሌላቸው ፕሮሰሰሮች በሚመች መንገድ ነው። «ኤልዲኤም_ኤስኤስኤችኦፕሽንስ» በሚለው መስመር ላይ እርሱን ያስቀድሙ። ከመወሰንዎ በፊት ከአንዱ ቲን ክላየንት 200 ሜጋባይት ባዶ ዳታ በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ በመላክ፣ አንድ ጊዜ በኤኢኤስ፣ አንድ ጊዜ በቻቻ20 ሰዓቱን ይያዙ። ኮምፕሬሽን (ዳታ መጭመቅ) አያብሩ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ኔትወርክ ላይ ጭነቱ እንጂ ጥቅሙ አይታይም።

የቁልፉን ጉዳይ ሌሎች ካልመለሱት እመለስበታለሁ።

ባለ_ሁለት_ካርድ

ጥቁር_ስክሪን የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን በቅደም ተከተሉ አልስማማም። እኔ ብሆን ስክሪኑን ከማመስጠሬ በፊት ኬብሉን እለያለሁ።

በመጀመሪያ ተማሪው ያየውን በልኩ እናስቀምጠው። ስዊች እንደ ድሮው ሃብ አይደለም፤ የሁለት ማሽኖችን ወሬ ለሦስተኛው አያሰማም። ስለዚህ ልጁ ያየው አብዛኛው ለሁሉም የሚሰራጨው የዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻ የመጠየቂያ) እና የአርፕ (አይፒ አድራሻው የየትኛው ማሽን እንደሆነ የመጠየቂያ) ጥሪ ነው። ሆኖም አርፕ ማንነት የማያረጋግጥ ፕሮቶኮል ስለሆነ «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» የሚል ማሽን መሐል ገብቶ ትራፊኩን በራሱ በኩል ማሳለፍ ይችላል፤ ስዊች ስላለኝ አልታይም ብሎ መተኛት አይቻልም።

እኔን ከዚህ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ማሽኖቹ የሚነሱበት ቅጽበት ነው። ቲን ክላየንት ሲበራ ምንም አያውቅም። «አድራሻ የሚሰጠኝ፣ የምነሳበትን ፋይል የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ለኔትወርኩ በሙሉ ይጮሃል፤ መልስ የሰጠውንም ያምናል። ግድግዳው ላይ የተሰካ ላፕቶፕ ከሰርቨርዎ ቀድሞ ቢመልስ፣ ቲን ክላየንቱ የሚነሳው በዚያ ላፕቶፕ ኢሜጅ ነው። የሎግ ኢን ገጹ ያው የሚያውቁት ገጽ ይመስላል፤ የሚጻፍበትን ፓስወርድ የሚቀበለው ግን ሌላ ሰው ነው። በኢሜጁ ውስጥ ያስቀመጡት የምስጠራ ሴቲንግ ሁሉ እዚህ ዋጋ የለውም፤ የተነሳው የእርስዎ ኢሜጅ አይደለምና። በእኛ አገር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ 24ቱም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ይህን ጥሪ ያሰማሉ፤ ሰርቨሩ በዩፒኤስ ካልተያዘና እርሱም ገና እየተነሳ ከሆነ፣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ውድድሩን ያለ ተፎካካሪ ያሸንፋል።

በመሆኑም ሰርቨሩ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያድርጉ። አንዱ ለላቡ (ለኮምፒውተር ክፍሉ) ብቻ በተለየ ስዊች ላይ፣ ሌላው ለትምህርት ቤቱ ኔትወርክና ለኢንተርኔቱ ይሁን። የግድግዳ ሶኬቶቹን ከላቡ ስዊች ላይ ይንቀሏቸው። ገንዘቡ ከተፈቀደልዎ የሚገዛው ስዊች ሴቲንግ የሚቀበል ይሁንና ሦስት ነገሮችን ያብሩበት። የመጀመሪያው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ነው፤ የዲኤችሲፒ መልስ ሰርቨሩ ከተሰካበት ፖርት ብቻ እንዲመጣ ያደርጋል። ሁለተኛው ፖርቶችን እርስ በርስ መነጠል ነው፤ ቲን ክላየንት ከቲን ክላየንት ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ ስለሌለው እያንዳንዱ ወደ ሰርቨሩ ብቻ ይድረስ፤ በዚህም በአርፕ የመሐል ገብነት ነገር በአመዛኙ ይመክናል። ሦስተኛው በየፖርቱ የሚታወቀውን የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ብቻ መፍቀድ ነው፤ ማክ አድራሻ ሊኮረጅ ስለሚችል ይህን እንደ ቁልፍ ሳይሆን እንደ መቀርቀሪያ ይቁጠሩት።

አይፒሴክን በተመለከተ ወዳጅዎ አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። አይፒሴክ የሚሠራው ከርነሉ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ፒኤክስኢውንና ቲኤፍቲፒውን አይሸፍንም። የባሰው ደግሞ ምስጢራዊ ቁልፉ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ቲን ክላየንቱ ዲስክ ስለሌለው ቁልፉ ኢሜጁ ውስጥ መግባት አለበት፤ ኢሜጁን ግን ኔትወርኩ ላይ ያለ ማንኛውም ማሽን ያለ ፓስወርድ ማውረድ ይችላል። ይህ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ከእጀታው ላይ እንደማንጠልጠል ነው። በኤልቲኤስፒ 5 ኢሜጅ ውስጥ ሰው ቢያየው የማይጎዳ ነገር እንጂ ምስጢር አይቀመጥም።

ርቀት_ዴስክቶፕ

እኔ የምሠራው በዊንዶውስ ተርሚናል ሰርቨር ነው፤ የጠያቂው ሁኔታ ባይሆንም አንድ ተመሳሳይ ነገር ስላየሁ በአጭሩ ልጥቀሰው። ኤርዲፒ (የዊንዶውስ የርቀት ስክሪን ፕሮቶኮል) በፖርት 3389 ሲያልፍ በቲኤልኤስ (ኤችቲቲፒኤስ በሚጠቀምበት ምስጠራ) ይመሰጠራል፤ ሰርቨሩ ግን ሲጫን ለራሱ የፈረመውን ሰርተፊኬት ይጠቀማል። ቲን ክላየንቱ «ይህን ሰርተፊኬት አላውቀውም» ሲል ሠራተኛው በየጠዋቱ «የስ» ብሎ ያልፋል። በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት የሠራ ቢሮ አውቃለሁ፤ ትራፊኩ የተመሰጠረ ነበር፣ ከማን ጋር እንደተመሰጠረ ግን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ላብ_24 በሁለተኛው ጥያቄዎ ያነሱት ከዚህ ጋር አንድ ነው። እኛ የራሳችንን ሰርተፊኬት ሰጪ አቁመን፣ ቲን ክላየንቶቹ ላይ ከጫንነው በኋላ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ጨርሶ እንዳይገናኙ አደረግን። ሴሽን ከመከፈቱ በፊት ማንነት የሚያረጋግጠውን ኤንኤልኤ የሚባለውንም አስገዳጅ አድርጉት፤ በግንቦት ወር 2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ይፋ ሲሆን ሎግ ኢን ሳያስፈልገው ሰርቨሩ ላይ ሊደርስ ከሚችል ጥቃት በከፊል የሚያስጥለው ይኸው ነበር።

ጥቁር_ስክሪን

ርቀት_ዴስክቶፕ መንገዱን ጠርገውልኛል፤ ወደ ቁልፉ ልመለስ።

አዎን፣ ላብ_24፣ ስህተት ነበር፤ ስህተቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ያ ምክር በየመድረኩ የተበተነ ነው። ቲን ክላየንቶቹ እምቢ ያሉት ተበላሽተው ሳይሆን በትክክል ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። በኢሜጁ ውስጥ «የታወቁ ሰርቨሮች» የሚባል ፋይል አለ፤ በውስጡም የሰርቨሩ የአደባባይ ቁልፍ ተጽፏል። ሲስተሙን እንደ አዲስ ሲጭኑ ሰርቨሩ አዲስ ቁልፍ አወጣ፤ ከባክአፕ የመጣው ኢሜጅ ደግሞ የድሮውን ያውቃል። ስለዚህ «ይህ የማውቀው ሰርቨር አይደለም፤ ፓስወርድ አልሰጠውም» አለ። እርስዎ ማመሳከሩን ሲያጠፉት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክላየንቶቹ ያገኙትን ሁሉ የሚያምኑ ሆኑ። ፓስወርዱ ተመስጥሮ ይላካል፤ የሚላክለት ግን ማንም ሊሆን ይችላል።

ማስተካከያው ሁለት ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያ «ኤልቲኤስፒ-አፕዴት-ኤስኤስኤችኪይስ»ን ያስኪዱ፤ ይህ የሰርቨሩን የአሁን ቁልፍ ወስዶ ክላየንቶቹ በሚሠሩበት ማውጫ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ «ኤልቲኤስፒ-አፕዴት-ኢሜጅ»ን ያስኪዱ፤ ይህ ካልተደረገ ማውጫው ይለወጣል እንጂ ክላየንቶቹ የሚነሱበት ኢሜጅ አይለወጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «አልሠራም» ይልና ማመሳከሩን ያጠፋል። የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ ሲቀየርም ያንኑ ይድገሙ። ከዚያ ማመሳከሩን ያጠፉበትን መስመር ይሰርዙት። ለወደፊቱም የሰርቨሩን የኤስኤስኤች ቁልፎች ለብቻ በፍላሽ ይያዙ፤ ዲስኩ ቢበላሽ አዲሱ ሲስተም ላይ የድሮውን ቁልፍ ሲመልሱ ክላየንቶቹ ለውጥ መኖሩንም አያውቁም።

ባለ_ሁለት_ካርድ ኢሜጁ ውስጥ ምስጢር አይቀመጥም ያሉት ከዚህ ጋር ይጋጫል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ አይጋጭም። የታወቁ ሰርቨሮች ፋይል የያዘው የአደባባዩን ቁልፍ ነው፤ ማንም ቢያወርደው የሚያገኘው ጥቅም የለም።

በቅደም ተከተሉ ግን ተሸንፌያለሁ። የተለየ ስዊች ይቅደም።

ላብ_24 (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ።

በመጀመሪያ የ«ሰላም»ን ሙከራ አደረግሁ። 39፣ 26፣ 46፣ 38፣ 58 በተርታ ወጡ። እውነት ለመናገር፣ አሥር ገጽ ማብራሪያ ከሚያሳምነኝ በላይ ያሳመነኝ ይህ ነው። ቀጥሎ የራሴን ፓስወርድ ቁጥር በቁጥር አነበብኩት፤ ያን ዕለት ፈልጌ ያጣሁት እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር።

ቁልፎቹን አድሼ ኢሜጁን እንደገና ሠራሁ፤ ማመሳከሩንም መለስኩ። ዳይሬክትኤክስን ፎልስ አደረግሁ። በኤኢኤስና በቻቻ20 መካከል የተባለውን ሙከራ ሳደርግ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ቻቻ20 ቀድሞ ጨርሷል፤ ስለዚህ እርሱን አስቀድሜያለሁ። በጽሑፍና በስፕሬድሺት ሥራ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ድረ ገጽ በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት ብቻ ትንሽ ይጎተታል።

ሁለት ጥያቄዎች ቀሩኝ። ሰርቨሩ ላይ በላቡ በኩል ላለው ካርድ ፋየርዎል ሳቆም ለዲኤችሲፒ 67፣ ለቲኤፍቲፒ 69፣ ለኤስኤስኤች 22፣ ለኤንቢዲ 10809 ብቻ ክፍት ተውኩ፤ ከዚያ በሎግ ኢን ገጹ ላይ የቋንቋውና የሴሽኑ ዝርዝር ጠፋ። ምን ዘጋሁ? ሁለተኛው፣ ፕሮጀክተሩ የተያያዘበት የመምህሩ ማሽን ክፍለ ጊዜ እንዳይባክን ራሱ ሎግ ኢን እንዲያደርግ ተደርጎ ነበር፤ የተጠቃሚው ስምና ፓስወርድ የተጻፈው በኤልቲኤስ.ኮንፍ ውስጥ ነው። ይህ ችግር አለው?

ባለ_ሁለት_ካርድ

የዘጉት 9571ን ነው። ኤልዲኤም (የሎግ ኢን ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም) የቋንቋና የሴሽን ዝርዝሩን ከሰርቨሩ የሚጠይቀው በዚያ የቲሲፒ ፖርት ነው፤ ይክፈቱት፣ ምስጢር አያልፍበትም።

ሁለተኛው ግን በዚህ ውይይት ውስጥ ከተነሱት ሁሉ አስቸኳዩ ነው። ኤልቲኤስ.ኮንፍ ያለው በቲኤፍቲፒ ማውጫ ውስጥ ነው፤ ቲኤፍቲፒ ደግሞ ፓስወርድ የሚባል ነገር ጨርሶ አያውቅም። ዛሬውኑ የራስዎን ላፕቶፕ በላቡ ስዊች ላይ ይሰኩና ፋይሉን በቲኤፍቲፒ ይጠይቁት፤ ያለ አንዳች ጥያቄ ይሰጥዎታል፤ የመምህሩን ስምና ፓስወርድ በግልጽ ጽሑፍ ያነባሉ። እዚህ የቁልፍ ቁጥር መተርጎም እንኳን አያስፈልግም። ራሱ ሎግ ኢን የሚያደርግ ማሽን የግድ ካስፈለገ፣ ምንም ፋይል የሌለውና ከፕሮጀክተሩ ሥራ ሌላ መብት የሌለው የተለየ ተጠቃሚ ይክፈቱለት።

እግረ መንገዴን፣ «ኤንቢዲ_ስዋፕ» ትሩ ተደርጎ እንደሆነ ይመልከቱ። ከሆነ የቲን ክላየንቱ ራም ሲጠብ በውስጡ ያለው ሁሉ ሳይመሰጠር በኔትወርኩ ላይ አልፎ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ይጻፋል። 1 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ያለ እርሱ መኖር ይቻላል። ተማሪዎቹ ቲን ክላየንቱ ላይ የሚሰኩት ፍላሽም በኤልቲኤስፒኤፍኤስ በኩል በፖርት 9220፣ ድምፁም በፐልስኦዲዮ በፖርት 4713 ከኤስኤስኤች ውጭ ይጓዛሉ። ድምፁ አያሳስበኝም፤ መምህራን የፈተና ጥያቄ የያዘ ፍላሽ ግን ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ይሰኩ እንጂ በቲን ክላየንት በኩል አያሳልፉት።

ጥቁር_ስክሪን

ሁለት ነገር ልጨምር። የመነሻውን ቅጽበት ከስዊቹ ባለፈ ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው፣ የራሱ ሰርተፊኬት የተቀበረበት አይፒኤክስኢ (ፒኤክስኢን የሚተካ የመነሻ ፕሮግራም) አዘጋጅቶ በእያንዳንዱ ማሽን የውስጥ ፍላሽ ላይ መጫን ይችላል፤ ከርነሉንና የመነሻ ፋይሉን ፊርማ አመሳክሮ ካልተስማማ አይነሳም። አይፒኤክስኢውን ራሱን በቲኤፍቲፒ ማውረድ ግን ትርጉም የለውም፤ ባዮሱንም በፓስወርድ መዝጋት ያስፈልጋል። ይህም ሆኖ በኤንቢዲ የሚመጣው ኢሜጅ አይመሳከርም። እርሱን በዲኤም-ቬሪቲ (የዲስክ ይዘት እንዳልተለወጠ በሚያመሳክር የከርነል ዘዴ) ማስተካከል የሚቻል ቢሆንም በኤልቲኤስፒ 5 ላይ ሁሉንም በእጅ መሥራት ይጠይቃል፤ በተለየ ስዊችና በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ላሉ 24 ማሽኖች አልመክረውም።

ሁለተኛው የሲስተሙ ዕድሜ ነው። የኡቡንቱ 14.04 መደበኛ ድጋፍ በሚያዝያ ወር 2019 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። በዚያው ዓመት እንደ አዲስ የተጻፈው ኤልቲኤስፒ ፓስወርዱን በኤስኤስኤች ያረጋግጣል፣ የተጠቃሚውን ማውጫም በኤስኤስኤችኤፍኤስ (ፋይሎችን በኤስኤስኤች በኩል በሚያሳልፍ ዘዴ) ያመጣል፤ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ግን ቲን ክላየንቱ ላይ ነው። ስለዚህ የቁልፍ ነካዎቹ ከማሽኑ አይወጡም፤ በአንጻሩ ማሽኑ ጉልበት ይፈልጋል። ኤን270 ባለ 32 ቢት ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ከርነል ያቀረበው የመጨረሻው የዴቢያን እትም 12 ነው። በ1 ጊጋባይት ራም ላይ ዘመናዊ ብራውዘር ከከፈቱ ተማሪዎችዎ ይቀየሙዎታል። ማሽን የመቀየር በጀት እስኪመጣ ድረስ አሁን የደረሱበት ላይ መቆየት የሚሻል ይመስለኛል፤ ሰርቨሩን ግን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አያጋልጡት።

ላብ_24 (ጠያቂ)

9571ን ከፈትኩ፤ ዝርዝሩ ተመለሰ። ኤንቢዲ ስዋፕ በእርግጥም ትሩ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ስዊቹን ፈቅደዋል፤ እስኪገዛ ድረስ የግድግዳ ሶኬቶቹን ከፓች ፓነሉ ላይ ነቅያቸዋለሁ።

ኤልቲኤስ.ኮንፍን ከላፕቶፔ በቲኤፍቲፒ ጠየቅሁት፤ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መጣ። የመምህሩን ስምና ፓስወርድ አጥፍቼ ለፕሮጀክተሩ ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ከፍቻለሁ። መምህሩን ደውዬ ፓስወርዱን እንዲቀይሩ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ ያንኑ ፓስወርድ ለኢሜይላቸውም እንደሚጠቀሙበት ነገሩኝ። ነገ ጠዋት ሁለቱንም አብረን እንቀይራለን።

ለ11ኛ ክፍሉ ተማሪም መልሱን ሰጥቼዋለሁ። ዳይሬክትኤክስ ከጠፋ በኋላ አጠገቤ አስቀምጬው የ«ሰላም»ን ሙከራ ደገምን፤ በፖርት 22 ላይ የተመሰጠረ ዳታ ሲያልፍ ታየ እንጂ፣ ከ6000 ጀምሮ በሚቆጠሩት የኤክስ ፖርቶች አንድም ፓኬት አልታየም። እርሱም ወዲያው «ሲበራ የሚያወርደውስ?» ብሎ ጠየቀኝ።